ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ብቻዋን ናት፤ የቤቷን ጥበቃ ከየት ልጀምር?

የጠባሴ ልጅ · ኅዳር 8፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ነኝ። እናቴ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ብቻዋን ትኖራለች። ዕድሜዋ 68 ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ሌባ ግቢ ገብቶ የጋዝ ሲሊንደር፣ የውሃ ፓምፕ እና በረንዳ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ይዞ ሄደ። እሷን አልነካትም፣ ተመስገን። ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ነፋስ ቆርቆሮውን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ትነሳለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትደውልልኛለች። እኔም እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አድራለሁ።

ቤቱ እንዲህ ነው። አጥሩ በሦስት በኩል ብሎኬት ነው፣ ከኋላ ቆርቆሮ። የኋላው ከጎረቤት ሰርቪስ ጣሪያ ጋር ይገጥማል። የውጭ በሩ ላሜራ፣ የቤቱ በር እንጨት። የሳሎኑ መስኮቶች ብረት አላቸው፣ የመኝታ ቤቷ የለውም። መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል።

እጄ ላይ 60 ሺህ ብር አለኝ። አንድ ሱቅ «አራት ካሜራ እንግጠምልህ፣ በስልክህ እያየህ ትውላለህ» ብሎኛል። ልግዛ?

ካሜራ ገጣሚ ዘ ሸዋ ሮቢት · ኅዳር 8፣ ምሽት 3፡05

ወንድሜ፣ እኔ እንጀራዬ ካሜራ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክህ ጮኸ እንበል። ከፈትከው። ሰውዬው በረንዳው ላይ ቆሟል። ከዚያ ምን ታደርጋለህ? ካንተ እስከ እናትህ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የምትደውልለት ሰው ከሌለ ስርቆቱን ቁጭ ብለህ ማየት ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ይሄን መልስልኝ፣ ስለ ካሜራው እመለስበታለሁ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ · ኅዳር 9፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። በፖሊስነት ብዙ የተዘረፈ ቤት አይቻለሁ። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃ መግዛት ነው። ሊታሰብ የሚገባው ግን ደቂቃ ነው።

ጥበቃ አራት ሥራ አለው። ሌባው ገና ከውጭ ሲያይ እንዲተወው ማድረግ፣ ከገባ ቶሎ ማወቅ፣ እንዳይዘልቅ ማዘግየት፣ ከዚያ ሰው መድረስ። አራቱ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። በሩ 5 ደቂቃ ቢያዘገየው፣ ጎረቤት በ4 ደቂቃ ቢደርስ፣ እናትህ ድናለች ማለት ነው። በሩ በግማሽ ደቂቃ ከተከፈተ ግን ካሜራውም ደወሉም የሚነግሩህ ያለቀ ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ንገረኝ። ሌባው በየት ገባ? በእርግጥ ታውቃለህ ወይስ ትገምታለህ? ደግሞ እናትህ ስትነቃ ለማን ደወለች? በስንት ደቂቃስ ደረሱላት?

የጠባሴ ልጅ · ኅዳር 9፣ ቀን 7፡10

ጋሼ፣ ጥያቄዎ አስደነገጠኝ። ደውዬ እናቴን አንድ በአንድ ጠየቅኳት።

የገባው በኋላ ነው። የጎረቤት ሰርቪስ ጣሪያ ላይ ጭቃ የነካ የጫማ ዱካ አለ። የእኛ ቆርቆሮ ሁለት ሚስማር ተነቅሎ ጎብጧል። የወጣው ግን በውጭ በር ነው፣ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ስቦ። ሲሊንደር ተሸክሞ አጥር አይዘለልማ።

መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው። እኔ ተኝቼ አልሰማሁም። የጎረቤቶቹ ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ሳሎን ነበር። ፈርታ ከመኝታ ቤት አልወጣችም። ጎረቤት የመጣው ሲነጋ ነው።

ጎሽ ሜዳ · ኅዳር 9፣ ቀን 8፡00

በኋላ ከሆነ ቀላል ነው። ቆርቆሮው ላይ ሽቦ ዘርግተህ ማታ ማታ ከቆጣሪ መብራት ልቀቅበት። ማንም አይጠጋም።

ካሜራ ገጣሚ ዘ ሸዋ ሮቢት · ኅዳር 9፣ ቀን 8፡12

ይህን በጭራሽ እንዳታደርግ! 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ኳስ ሊያመጣ የወጣ የጎረቤት ልጅ፣ በዝናብ አጥር የተደገፉ አሮጊት፣ ድመት ሊያወርዱ የመጡ እናትህ ራሳቸው። ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጠቅላላ አጥሩ ነው የሚሆነው። በሥርዓት የሚሠራ የኤሌክትሪክ አጥር ራሱን የቻለ መሣሪያ አለው። አጭር ምት እየሰጠ ያቋርጣል፣ መስመሩ ላይ ዝም ብሎ አይቆይም። ከቆጣሪ በቀጥታ መሳብ ግን ወጥመድ መዘርጋት ነው።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ · ኅዳር 9፣ ቀን 8፡30

ሰው ከሞተ በወንጀል ትጠየቃለህ። ሌባ ቢሆንም። ይህ ሐሳብ እዚህ ይቁም።

በያጁ · ኅዳር 9፣ ማታ 1፡45

እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን በርና መስኮት ነው የምሠራው። ስለማውቀው ልናገር።

የላሜራ በር ሰው የሚያየው ውፍረቱን ነው። እኔ የማየው ማጠፊያውን እና ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበትን ጆሮ ነው። ላሜራውን ማንም አይቀድም። ጆሮው ግን በሁለት ነጥብ ብቻ ተበይዶ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በፌሮ ቁራጭ አንድ ጊዜ ብትጠመዝዘው ይነቀላል። ዙሪያውን ሙሉ ይበየድ። ከቻልክ ጓጉንቸሩን የሚሸፍን ትንሽ የላሜራ ሳጥን ይደረግበት፣ መቁረጫ እንዳይገባ። ማጠፊያው ወደ ውጭ ከሆነ ደግሞ ፒኑ ከታች ተመቶ ይወጣል። ጫፉን በብየዳ መምታት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የቤቱ የእንጨት በር ዋናው ችግርህ ነው። በሩ ጠንካራ ሆኖ ፍሬሙ ጭቃ ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር የቆመ ከሆነ በትከሻ ይገፋል። ፍሬሙን በፌሮ ከግድግዳው ጋር ማሰር ያስፈልጋል። ከውስጥ ላይና ታች ሁለት መቀርቀሪያ። መሐል ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ በሩ ከታች በዲጂኖ ይታጠፋል።

እና አንድ የማሳስብህ ነገር አለ። ሌባው የወጣው ከውስጥ መቀርቀሪያ ስቦ ነው ብለሃል። የውጭ በሩን ማታ ከውስጥም በጓጉንቸር ቆልፉት። በአጥር የገባ ሰው ከባድ ዕቃ ይዞ መውጫ ካጣ ብዙውን ጥሎ ይሄዳል።

የኋላው ቆርቆሮ ወደ ብሎኬት ቢቀየር ጥሩ ነበር፣ ብርህ ግን አይበቃም። ለጊዜው ከውስጥ በኩል አግዳሚ ቱቦላሬ እንበይድለትና ሚስማሩን በብሎን እንቀይረው። አንተ ሳትኖር እንኳ ሄጄ ለክቼ ዋጋውን እነግርሃለሁ።

ጓጉንቸሩን በተመለከተ፦ እዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ አለ። ውስጡ እርጥበት ገብቶ ጠዋት አልከፈት ይላል። የምግብ ዘይት አታድርጉበት፣ ብርድ ሲሆን ይወፍራል፣ አቧራም ይይዛል። የእርሳስ ግራፋይት ፈጭቶ መንፋት ይሻላል።

ነርስ ነኝ · ኅዳር 10፣ ማታ 3፡30

ከዚህ ሁሉ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

የጠባሴ ልጅ፣ እናትህ ማታ ከሰል ያነዳሉ? የደብረ ብርሃንን ብርድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ሰው ሌባ ሲፈራ መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮት መዝጋት ነው። ቀጥሎ የበሩን ሥር በጨርቅ ይደፍናል። ቀጥሎ ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባል። የከሰል ጭስ ደግሞ የሚገድለው በሽታው ሳይታወቅ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ብዙ ቤተሰብ በዚህ መንገድ አልነቃም። ከሰሉ «ጨሰ፣ ፍም ሆነ» ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ፍሙም ያወጣል።

ስለዚህ መኝታ ቤት ውስጥ ምድጃ አይደር። ከመስኮቱ በላይ ያለው ቀዳዳ አይደፈን፣ ሌባ በማይገባበት ወንፊት ይሸፈን።

ሁለተኛው፣ የመኝታ ቤቷ መስኮት ብረት የለውም ብለሃል፣ ይደረግለት ማለታችሁ አይቀርም። ይሁን፣ ግን እሳት ቢነሳ በምን ትወጣለች? በያጁ፣ ከውስጥ የሚከፈት ማድረግ አይቻልም?

በያጁ · ኅዳር 10፣ ማታ 3፡50

ይቻላል እህቴ። በማጠፊያ የሚከፈት ፍርግርግ እሠራለሁ፣ ጓጉንቸሩ ከውስጥ። ቁልፉ ከመስኮቱ በእጅ በማይደረስበት፣ ከአልጋው ግን በሚደረስበት ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ሁልጊዜ እዚያው። ሌላ ቦታ ከተቀመጠ በጭስ ውስጥ አይገኝም።

የጠባሴ ልጅ · ኅዳር 10፣ ማታ 4፡15

ነርሷ እህቴ፣ ደወልኩላት። ከሌባው ወዲህ ምድጃውን አልጋዋ አጠገብ ነው የምታሳድረው። መስኮቱንም በፌስታል ደፍናዋለች። ዛሬውኑ አስወጣኋት፣ ፌስታሉንም አስነሳሁ። ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም።

የመሐል ሜዳዋ መምህርት · ኅዳር 11፣ ጠዋት 4፡00

እኔ የምኖረው መንዝ ነው፣ ካሜራ አላውቅም። ስለ ጎረቤት ግን አውቃለሁ።

እኛ አገር ያለውን የጋራ የሣር መሬት፣ ጓሳን፣ ብታዩት አጥር የለውም። ሣሩን ለዘመናት ያቆየው «ቄሮ» በሚባል የቆየ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ ተከፋፍሎ ስለጠበቀው ነው። የማን ተራ እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚናገር የታወቀ ነበር። የእናትህ ሰፈርም እድር አለው አይደል? እድሩ ለሞት ብቻ ለምን ይሰበሰባል? ቅርብ ከሆኑት ቤቶች ሦስቱን ሰብስብ። ቡና ይፈላ። አንተ ራስህ ሄደህ አስረዳቸው፣ በስልክ አይሆንም። «እናቴ ሌሊት ብትጮህ ማን ቀድሞ ይወጣል? ማንስ መብራት ያበራል? ማን ይደውላል?» በል። ኡኡታ ሲሰማ ሁሉም ሌላው ይወጣል ብሎ ይቀራል። ስም ከተያዘ ግን ይወጣል።

ውሻም አንርሳ። ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ እንደ ጠባቂ የሚያገለግለው ስለሚናከስ ሳይሆን ስለሚጮህ ነው። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ፣ ከሰው እጅ እንጂ ከመሬት አንስቶ እንዳይበላ የለመደ ይሁን፤ በሥጋ መርዝ የሚሰጡ አሉና። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ደግሞ በየዓመቱ አስከትቡት።

ካሜራ ገጣሚ ዘ ሸዋ ሮቢት · ኅዳር 11፣ ማታ 2፡20

እንግዲህ የእኔ ተራ ደረሰ። ሥራው ብዙ ነው፣ ታገሱኝ።

ለእናትህ መጀመሪያ የምገጥመው ሲም ካርድ የሚገባበት የደወል ማዕከል ነው፣ ከሪሞት ጋር። እናትህ ሪሞቱን ስትጫን ሳይረኑ ይጮሃል፣ መሣሪያውም ለአምስት ስድስት ቁጥር በተራ ይደውላል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ የስልክ ኔትወርክ ብቻ ይበቃዋል። መጀመሪያ የሚደወልለት የቅርብ ጎረቤት ይሁን፣ አንተ መጨረሻ። ሲሙ ላይ ሒሳብ ማለቁን ግን ማንም አያስታውስም። በየወሩ 1 ቀን ሙላ፣ በዚያው ቀን ሞክረው።

በሮቹ ላይ የማግኔት ሴንሰር ይደረጋል። አንዱ ክፍል በሩ ላይ፣ አንዱ ፍሬሙ ላይ። ሲራራቁ ይጮሃል። ለእንጨቱ በር ይሄ በቂ ነው። ለላሜራው ግን ተራውን አትግዛ። ብረቱ የማግኔቱን ጉልበት ይስብበታል፣ በሩ ተዘግቶም ክፍት ነው ይልሃል። ለብረት በር የሚሆን ሰፊ ክፍተት የሚችል አለ። እሱን ካጣህ ከሥሩ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማራቂያ አድርግለት። ይህን ባለማወቅ «ዕቃው ብልሽት ነው» ተብሎ የተጣለ ስንት ሴንሰር አይቻለሁ።

እንቅስቃሴ የሚያውቀው ሴንሰር የሚያየው የሙቀት ልዩነት ነው። እኛ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ የግንቦት ሙቀት ከሰው ገላ ጋር ሲቀራረብ ሰውን ይስታል። ደብረ ብርሃን በዚህ ዕድለኛ ናችሁ፣ ብርዱ ሰውን ያጎላዋል። ችግራችሁ ነፋስ ነው። ባህር ዛፍ ላይ ወይም ፀሐይ ባሞቀው ቆርቆሮ ላይ ካነጣጠርከው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ሰው የጮኸን ነገር ሦስት ቀን ይታገሣል፣ በአራተኛው ይነቅለዋል። ስለዚህ ከነዚህ አዙረህ፣ ሰውየው ፊት ለፊት ሳይሆን አቋርጦ በሚያልፍበት ቦታ ስቀለው።

ካሜራ ሁለት ይበቃሃል። አንዱ የውጭ በሩን ከውስጥ በኩል፣ አንዱ የኋላውን። ፊት በሚታይበት ከፍታ ይሁኑ፤ ጣሪያ ጫፍ ላይ የተሰቀለ የሚያሳይህ የኮፍያ አናት ነው። ሌሊት የሚያዩበት ኢንፍራሬድ ጉም ሲኖር ራሱን ያሳውራል፣ ምስሉ ነጭ ይሆናል። ጣርማ በር አካባቢ የገጠምኩት ሁሉ በክረምት ይህ አለበት። መድኃኒቱ ባውዛውን ከካሜራው ራቅ አድርጎ ከጎን መትከል ነው። ሸረሪትም በሙቀቱ ትመጣና ድር ትሠራበታለች፣ በመጥረጊያ በወር አንዴ።

የሚቀዳው ሣጥን ቴሌቪዥን ላይ አይቀመጥ። ሌባው ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ማስረጃውንም አብሮ ይወስዳል። ኮርኒስ ውስጥ ወይም ቁም ሣጥን ጀርባ ደብቀው፣ አየር ግን ያግኝ። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን ወደ 21.6 ጊጋባይት ይይዛል። ሁለቱ 43። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ወደ 23 ቀን ያቆይልሃል።

መብራት ሲጠፋስ? ሁለቱ ካሜራ፣ መቅጃው እና ራውተሩ ቢደመሩ 30 ዋት ገደማ ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት አለው፣ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀም። 600 ነው። ኢንቨርተሩ የሚበላውን እና ብርዱ የሚቀንሰውን ስታወርድ 15 ሰዓት ያህል ያቆይሃል። ሌሊቱን ይሸፍናል። ባትሪው ቤት ውስጥ ይሁን፣ ውርጭ አይምታው።

የመጨረሻው፦ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ለውጥ። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ካሜራና መቅጃ የጠለፈው ማንም ያልቀየረውን የይለፍ ቃል እየሞከረ ነው።

የጠባሴ ልጅ · ኅዳር 12፣ ቀን 6፡30

ብሩ ለሁሉ አይበቃም። ምኑን ላስቀር?

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ · ኅዳር 12፣ ቀን 7፡00

ካሜራውን ለኋላ አቆየው። በሩ፣ የመኝታ ቤቱ መስኮት፣ የኋላው ቆርቆሮ፣ ሪሞቱ፣ ባውዛው። በዚህ ቅደም ተከተል።

ብር የማይጠይቁትን ግን ዛሬ ጀምር። የጎረቤቶችን እና የአካባቢውን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር በትልልቅ ጽሑፍ ጻፍና አልጋዋ አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥፍ። የቴሌቪዥኑን፣ የፍሪጁን፣ የስልኳን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንሣ፤ ዕቃ ተይዞ «የኔ ነው» የምትልበት ማስረጃ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ለእናትህም ንገራት፦ ሌባ ስትሰማ አትውጣ። በሩን ቆልፋ፣ መብራት አብርታ፣ ትጩህ። ዕቃ ይተካል።

የጠባሴ ልጅ · ጥር 2፣ ማታ 1፡10

ለገና ሄጄ አምስት ቀን ቆየሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

በያጁ መጣ። የድሮውን በር ከመንቀሉ በፊት «እስቲ እንሞክረው» አለና ዲጂኖውን ከታች አስገባ። እኔ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። 22 ሴኮንድ። በሩ ተከፈተ። እናቴ ሳሎን ቆማ ታይ ነበር። ምንም አልተናገረችም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስንት ዓመት በዚያ በር ተማምና እንደተኛች ሳስብ አንጀቴ ተላወሰ።

አዲሱን በር በሦስተኛው ቀን በዚያው ዲጂኖ ሞከርነው። ከ6 ደቂቃ በኋላ ላብ አጠመቀው፣ በሩም አልተከፈተም። ድምፁ ደግሞ ሰፈሩን ነው የቀሰቀሰው።

መምህርት፣ ቡናው ተፈላ። አራት ቤት መጣ። ማን መብራት እንደሚያበራ፣ ማን እንደሚደውል፣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ተነጋገርን። የኋላ ጎረቤታችን ራሱ «በእኔ ጣሪያ ነው የገባው» ብሎ ሰርቪሱ ጥግ ላይ የነበረውን የተደገፈ መሰላል አነሣው፣ ቆልፎ አስቀመጠው። እስከዚያ ቀን መሰላል መኖሩን ማንም አልነገረኝም።

በማግስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሁሉም ቀኑን እንጂ ሰዓቱን ሳያውቅ፣ እናቴ ሪሞቱን ተጫነች። የመጀመሪያው ጎረቤት ካፖርቱን በፒጃማው ላይ ደርቦ፣ ባትሪ ይዞ በር ላይ ሲደርስ 3 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነበር። ሁለተኛው በ5። ሦስተኛው አልሰማም፣ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ አስተካከልነው።

ሪሞቱን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች። ካሜራው ለፋሲካ ይቆያል።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ · ጥር 2፣ ማታ 1፡40

ጎረቤት 3 ከ40፣ በሩ ከ6 በላይ። ጎበዝ ልጄ። ይህን ሙከራ በየሦስት ወሩ ድገሙት። የጎረቤት ስልክ ይቀየራል፣ ሰው ይዛወራል።

ነርስ ነኝ · ጥር 2፣ ማታ 2፡00

የመስኮቱ ቁልፍ የት ነው የተሰቀለው? እናትህ ጨለማ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው አግኝተውታል?

የጠባሴ ልጅ · ጥር 2፣ ማታ 2፡15

ከአልጋው ራስጌ፣ ሚስማር ላይ። ሦስቴ አስሞከርኳት፣ ሦስቴም አገኘችው። ምድጃውም በረንዳ ነው የሚያድረው። ትናንት ማታ ስደውል ስልኳን ያነሣችው ከአሥረኛው ጥሪ በኋላ ነው። ተኝታ ነበር።